ስለ ምስጡ ጉዳይ

መስከረም 18

ይድረስ ለተወደድሽው የእህቴ ልጅ፣ ለላቦራቶሪ መርማሪዋ፤

በሰው አገር እንደምን ሰንብተሻል? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። አክስትሽም ደህና ናት፤ ሰላምታዬን አድርስልኝ ብላለች። ጆሮዬ ስልክ ላይ ግማሹን ብቻ እንደሚሰማ ታውቂያለሽ፤ የቀረውን በግምት ከምሞላው ብዬ እንደ ልማዴ ብዕር አንስቻለሁ።

ጉዳዩ ስለ ምስጥ ነው። ባለፈው ሳምንት ጫማዬን ሳጠልቅ የሳሎኑን በር መቃን ደገፍ ብል አውራ ጣቴ ስምጥ አለ። ቀለሙ እንዳለ አለ፤ ከቀለሙ ሥር ግን እንጨት የለም። ላዩ ደህና፣ ውስጡን ለቄስ የሚባለው እንዲህ ያለው ነው። አክስትሽ በመጥረጊያ እጀታ ነካ ብታደርገው አንድ ክንድ የሚያህለው ተንዶ ነጫጮቹ ምንጣፉ ላይ ፈሰሱ። ሠላሳ አንድ ዓመት በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ጸሐፊ ሆኜ ስሠራ ምስጥ ስንቱን ፋይል ሲበላ አይቻለሁ፤ ያን ጊዜ የመንግሥት ወረቀት ነው ብዬ እንቅልፌን እተኛ ነበር። የራስ ሲሆን ይለያል። ይህን ቤት አክስትሽና እኔ ክፍል በክፍል ነው የሠራነው። እናትሽ አርፋ አንቺ በዘጠኝ ዓመትሽ ወደ እኛ ስትመጪ አራተኛው ክፍል ገና ጣሪያ አልነበረውም፤ ላንቺ ብለን ነው የቸኮልነው።

በሰፈራችን ተባይ የሚረጭ አንድ ሰው አለ። ከያንዳንዱ ንግግሩ በኋላ «ዋስትና አለው» ስለሚል ስሙ ዋስትና ሆኖ ቀርቷል። ዛሬ ብትጠሩኝ ነገ እመጣለሁ ይላል። መሐል ከተማ ፈቃድ ያለው ድርጅትም አለ፤ ወረፋው ግን ረጅም ነው ይሉታል። አንቺ ትምህርትሽም ሥራሽም ከመድኃኒት ጋር ስለሆነ፣ በሆስፒታሉ ላቦራቶሪ ያሉትን አዋቂዎች ጠይቀሽ የትኛው እንደሚሻል ብትጽፊልኝ ደስ ይለኛል። የምረቃሽንም ቀን ዘመዱ ሁሉ ይጠይቀኛል፤ ምን ልበላቸው?

አጎትሽ

ጥቅምት 12

ለተከበሩ አጎቴ፣ ለጋሼ፤

ሰላምታዬ ባሉበት ይድረስዎ። ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። እኔ ደህና ነኝ። አክስቴን ሳሙልኝ።

ስለ ምስጡ ጠይቄ ተረድቻለሁ። የወጡበትን ቦታ ከእንግዲህ አያፍርሱ፤ በጋዝም አያቃጥሉት። ሲረበሹ ሌላ መንገድ ይይዛሉ እንጂ አይጠፉም። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ እንደሚባለው፣ መቃኑ ላይ የሚታየው ጫፉ ነው። በቤቱ ዙሪያ፣ በመሠረቱ ድንጋይ ላይ፣ እንደ እርሳስ የወፈረ የጭቃ መስመር ሽቅብ የወጣበት ቦታ አለ? የበሮቹንና የመስኮቶቹን መቃን በመፍቻ እጀታ ከታች ወደ ላይ ያንኳኩ፤ ደህናው እንጨት ድፍን ድምፅ ይሰጣል፣ የተበላው እንደ ባዶ ካርቶን ይመልሳል። ከመታጠቢያ ቤቱ ጀርባ የሚንጠባጠብ ቧንቧ ነበረ፤ ተሠርቷል? እንጨት ግድግዳው ሥር ይከመራል? ጣሪያውን የተሸከመው አግዳሚስ ተነክቷል?

የሚረጨውን ሰው በተመለከተ፣ ፈቃዱን ያሳይዎ። መድኃኒቱ በፋብሪካው ዕቃ እንደታሸገ፣ ጽሑፉ ሳይፋቅ መምጣት አለበት። በሌላ ጠርሙስ ቀድቶ ካመጣ በሩን ይዝጉበት። ምስጥ ክፍል ውስጥ በመርጨት አይጠፋም፤ በግድግዳው ሥር መሬቱ ተበስቶ ነው መድኃኒቱ የሚገባው። ሳሎን ልርጭልዎ የሚል ሰው ሥራውን አያውቅም።

አንድ ነገር በእርግጠኝነት ይመልሱልኝ። ቤቱ ውስጥ አስም ወይም ሌላ የደረት ሕመም ያለበት ሰው አለ? ካለ የሚደረገው ሁሉ ይለወጣል።

ስለ ምረቃው ገና ነው በሏቸው። ይህን ሁሉ የነገረኝ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ነው።

የእህትዎ ልጅ

ኅዳር 1

ይድረስ ለመርማሪዋ፤

ለከበረ ሰላምታሽ ምስጋናዬ የላቀ ነው። ለጥያቄዎችሽ በተጠየቁበት ቅደም ተከተል እመልሳለሁ።

የጭቃው መስመር አለ፤ በምሥራቅ በኩል ሦስት፣ ከወጥ ቤቱ ጀርባ አንድ። መቃኖቹ በሙሉ ተንኳኩተዋል። ለዚህ ጆሮዬ ስለማይበቃ እኔ አንኳኳለሁ፣ አክስትሽ ትሰማለች። «ይሄ አለ»፣ «ይሄ ሞቷል» እያለች ከክፍል ክፍል ዞርን፤ ከአሥራ አንዱ አራቱ ሞተዋል። ቧንቧው እስካሁን ይንጠባጠብ ነበር፤ ትናንት ተሠራ። የተከመረው ጣውላ ተነሥቷል። አግዳሚው ተነክቷል፤ እንቅልፍ የነሳኝ እሱ ነው። የደረት ሕመም ያለበት ሰው የለም።

ባልደረባሽ ስለ ምስጥ የሚያውቀው ብዙ ነው። ላቦራቶሪ የሚውል ሰው የመፍቻ እጀታ ድምፅን ከየት ለመደው ብዬ አሰብኩ፤ ከዚያ አላለፍኩም።

ድርጅቱ ዘንድ ሄጄ ነበር። እንግዳ መቀበያው ላይ ያለችው ልጅ መዝገቧን ገልጣ ከየካቲት በፊት ባዶ ቀን የለም አለችኝ። ስመለስ ዋስትናን አስጠራሁት።

«ፈቃድህን አሳየኝ» አልኩት።

«አባት፣ የኔ ፈቃድ ሥራዬ ነው። ዋስትና አለው።»

«መድኃኒቱ ምን ይባላል?»

«ከውጭ የመጣ ነው። ስሙ ረጅም ነው።»

መልሱ መልስ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ይሁን እንጂ አግዳሚው እስከ የካቲት ይቆያል ብዬ ለመማል ድፍረት አጣሁ። አክስትሽ ምግብ ስትበላ እንኳ ዓይኗ ጣሪያው ላይ ነው። ስለዚህ ቅዳሜ ኅዳር 22 ጠዋት ሊመጣ ተቀጣጥረናል። ከዚያ በፊት እንዳይመጣ ሌላ ሰፈር ሥራ አለው። ይህ ደብዳቤ አንቺ ጋ ደርሶ መልስሽ እስኪመጣ ቀኑ እንደሚያልፍ አስቤአለሁ። አስቤም ወስኛለሁ።

አጎትሽ

ኅዳር 26

ለጋሼ፤

ሰላምታ አላስቀደምኩም፤ ይቅር ይበሉኝ።

ደብዳቤዎ ሰኞ ኅዳር 24 ደረሰኝ። ቀኑን እንዳየሁ ለጎረቤታችን ለፋርማሲስቷ ደወልኩ። አክስቴ ከቅዳሜ ጀምሮ ሆስፒታል እንደተኛች፣ ሐኪሞቹ የቆየ አስሟ ተነሥቶባት ነው ብለው እያከሟት እንደሆነ፣ እንዳልተሻላትም ነገረችኝ። የቆየ አስም። «ሁለት ዓመቱ እኮ ነው፤ አልነገሩሽም?» አለችኝ። ቤቱ መረጨቱን እርስዎ ለሐኪሙ ተናግረዋል፤ ምን እንደተረጨ ግን የሚያውቅ የለም፣ የረጨውም ሰው ስልኩን ዘግቷል።

ግቢ ገብታ ያ ሰው ጥሎት የሄደ ነገር እንድትፈልግልኝ ጠየቅኋት። ጓንት አጥልቃ ከአጥሩ ሥር አንድ ጠርሙስ አነሣች።

«ላዩ ላይ ምን ይላል?» አልኳት።

«የታሸገ ውሃ ይላል።»

«ሳታስጠጊው፣ ሽታው ምን ምን ይላል?»

«የበሰበሰ ነጭ ሽንኩርት። ነጭ ጋዝም አለበት።»

«ጣሳ ውሃ ላይ አንድ ጠብታ ጣይበት።»

«ወተት መሰለ» አለችኝ።

ይህ የእርሻ ፀረ ተባይ መርዝ ምልክት ነው። ጠርሙሱን በላስቲክ ጠቅልላ ሆስፒታል እንድትሮጥና ሐኪሙን እንድታገናኘኝ ለመንኳት። ሐኪሙ ስልኩን ተቀብሎ እስከ መጨረሻው ሰማኝ። ከዚያ፣ «የእርሻ መርዝ ነው የምትይኝ በምን አውቀሽ ነው? አንቺ ማነሽ?» አለኝ።

«ተባይ አጥፊ ነኝ። አራት ዓመቴ ነው» አልኩት።

ከአገር ቤት ለሆነ ሰው ይህን ስናገር የመጀመሪያዬ ነው። እርስዎ ከሌላ ሰው ከሚሰሙት ከእኔ ይስሙት ብዬ እጽፋለሁ። ላቦራቶሪ ውስጥ ሠርቼ አላውቅም። ትምህርቱን በሁለተኛው ዓመት ትቼዋለሁ። «ከመድኃኒት ጋር ነው የምሠራው» ብዬ ጻፍኩልዎ፤ የበረሮውም የምስጡም መድኃኒት መድኃኒት ይባላል። እናንተ ሆስፒታል ብላችሁ ተረዳችሁት፤ እኔም አላረምኩም።

ዛሬ ጠዋት ፋርማሲስቷ ሕክምናው እንደተለወጠና አክስቴ ዓይኗን ገልጣ ውሃ እንደጠየቀች ነገረችኝ። ወደ ቤቱ ማንም አይግባ። የዚያን ቀን የለበሰችውን ልብስ ከሌላ ልብስ ጋር አትጠቡት፤ ይጣል።

የእህትዎ ልጅ

ታኅሣሥ 19

ይድረስ ለእህቴ ልጅ፤

እንደምን አለሽ? አክስትሽ ታኅሣሥ 8 ከሆስፒታል ወጥታለች። አሁን ያለነው ፋርማሲስቷ ቤት፣ ከኋላ ባለችው ክፍል ነው። አልጋው ጠባብ ነው፤ ሌላው ሁሉ ሙሉ ነው። አክስትሽ እስከ በሩ ድረስ በራሷ ትራመዳለች። ድምፅዋ ገና ሻካራ ነው።

የሆነውን እንደሆነው ላስፍረው። ዋስትና በሁለት ሰዓት መጣ፤ በጀርባው የመርጫ ታንክ ተሸክሟል፣ አፉን በሻርፕ አስሯል። መሬቱን የምትበሳው በየት በኩል ነው ብዬ ብጠይቀው፣ «መብሳት የድሮ ነው፤ ይሄ ሽታው ብቻ ይፈጀዋል» አለኝ። ያን ጊዜ ማስቆም ይገባኝ ነበር። አላስቆምኩም። ሳሎኑን፣ መኝታ ቤቱን፣ ጣሪያውን፣ ወለሉን ሁሉ አጠበው። ሲወጣ፣ «ሁለት ሰዓት ውጭ ቆዩ፣ ከዚያ ግቡ፤ ዋስትና አለው» ብሎ ሄደ። አንቺ ስለ ጥንቃቄ የጻፍሽው ትዝ ስላለኝ ዛሬ ሌላ ቤት እንደር አልኳት። እሺ አለች።

ከሰዓት በኋላ ፋርማሲው በር ላይ ተቀምጬ ሳለሁ አክስትሽ ከአጠገቤ ተነሣች፤ ጋቢዬን ላምጣ ብላ ነው። ስትቆይብኝ ሄድኩ። የወለሉ ጣውላ ላይ ፈሳሹ ነጭ እድፍ ትቶ ነበር። ታውቂያታለሽ፣ እድፍ አይታ አታልፍም። ሙቅ ውሃና ጨርቅ ይዛ ተንበርክካ ሦስት ክፍል ወልውላ ጨርሳለች። «ይሄን ትቼ እንዴት ልምጣ?» አለችኝ። ለመነሣት እጇን ስትሰጠኝ ይንቀጠቀጥ ነበር። ምራቋ ይወርዳል። ከዚያ ትንፋሽ አጠራት።

የደረት ሕመም ያለበት ሰው አለ ወይ ለሚለው ጥያቄሽ «የለም» ብዬ የጻፍኩት ውሸት ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ በአፍ የሚነፋ መድኃኒት ይዛ ነው የምትዞረው። ያልነገርንሽ ትምህርትሽን ጥለሽ እንዳትመጪ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚለውን እኔ ለስንት ሰው መክሬበታለሁ።

ቤቱ እንደተዘጋ ነው። ምስጡም አልሞተም፤ በመስኮት ሳይ አዲስ የጭቃ መስመር አለ። ምን እናድርግ? እዘዢን።

አጎትሽ

ጥር 10

ለተከበሩ አጎቴ፣ ለጋሼ፤

አክስቴ በእግሯ መሄዷን ሳነብ ደብዳቤውን አስቀምጬ ወደ ሥራ ሄድኩ፤ ማታ ተመልሼ ነው የቀረውን ያነበብኩት። ፋርማሲስቷን ፈጣሪ ብድሯን ይክፈላት።

መጀመሪያ የተረጨው ይነሣ፤ ምስጡ ይጠብቃል። ይህን እርስዎ አይሥሩት። ድርጅቱ ከነመከላከያ ልብሱ ሰው አለው፤ ለተቆጣጣሪያቸው ደውዬ ተነጋግሬአለሁ፣ ይህኛውን ከወረፋው በፊት ይሠሩላችኋል። መስኮቶቹ በሙሉ ተከፍተው ቢያንስ ሦስት ሳምንት ይናፈስ። ወለሉ በሳሙና ውሃ ደጋግሞ ይታጠብ፤ ውሃው ወደ ጓሮው አትክልት አይደፋ። ፍራሾቹ፣ ምንጣፉና መጋረጃው ይወገዱ። የወጥ ቤቱን ዕቃ ማጠብ ይበቃል። የእንጨት ማንኪያ ግን አይተርፍም።

የምስጡ ሥራ ሲመጣ የሚጠይቁትን በሌላ ወረቀት ጽፌ አባሪ አድርጌአለሁ። ሰውየው ሳይመረምር ዋጋ ከነገረዎ አይቀበሉት። ስንት ቦታ እንደሚበሳ፣ ምን እንደሚያስገባ፣ መቼ ተመልሶ እንደሚያይ በጽሑፍ ይስጥዎ። አክስቴ በዚያ ሳምንት ሰፈሩ ውስጥም ባትሆን ይሻላል።

ስለ ሥራዬ አንድም ቃል አልጻፉልኝም። እኔ ግን ከጀመርኩ አይቀር ልጨርሰው። ትምህርት ላይ ሳለሁ ቅዳሜና እሑድ የምሠራው ሥራ ነበር። አለቃዬ ጉልበቷን የሚያማት ሴት ናት፤ ከወለል በታች መግባት ስላቃታት ቀጠን ያለ ሰው ትፈልግ ነበር። የመጀመሪያው ቤት ባለቤት ከወለሌ ሥር ድምፅ እሰማለሁ ስትል ስድስት ወር ሰው ሁሉ ምንም የለም ያላት ሴትዮ ነበረች። በደረቴ ተስቤ ገብቼ በባትሪ ሳበራ የወለሉ ተሸካሚ እንጨት እንደ ወንፊት ሆኗል። ወጥቼ ስነግራት ሴትዮዋ ተቀምጣ አለቀሰች፤ እብድ አይደለሁም ማለት ነው አለች። ከዚያ በኋላ ክፍል ገብቼ መቀመጥ እምቢ አለኝ። ስንፍና ነው ቢሉኝ አልከራከርም። ሥራውን ግን እወደዋለሁ፤ ጥሩም ነኝ። ባለፈው ዓመት ፈቃዱን በስሜ አግኝቻለሁ። ፎቶግራፍ አንስቼው ነበር፤ ለማን እንደምልከው ስላላወቅሁ አልላክሁትም።

የእህትዎ ልጅ

የካቲት 24

ለጋሼ፤

ጤና ይስጥልኝ። የጥር 10 ደብዳቤዬ ደርሶዎት ይሆን? ፋርማሲስቷን ደውዬ ጠይቄአት ሁላችሁም ደህና ናችሁ፣ ደብዳቤው ደርሷል አለችኝ። ከደረሰ ይበቃኛል። እንደተቀየሙኝ ይገባኛል።

የእህትዎ ልጅ

መጋቢት 19

ይድረስ ለተወደድሽው የእህቴ ልጅ፤

እንደምን ሰንብተሻል? ፈጣሪ ባለሽበት ይጠብቅሽ። ሁለቱም ደብዳቤዎችሽ ደርሰውኛል። መልሱን ያዘገየሁት ተቀይሜ አይደለም ብዬ ጀምሬ ቀደድኩት። ተቀይሜ ነበር። አንድ ወር ያህል ቆየብኝ። ከዚያ ያለፉትን የአራት ዓመት ደብዳቤዎችሽን አውጥቼ በየቀናቸው ደርድሬ አነበብኩ፤ የመዝገብ ቤት ሰው ሌላ መላ አያውቅም። እውነቱን እስከጻፍሽልኝ ቀን ድረስ ሆስፒታል የሚል ቃል አንድም ቦታ የለም። ላቦራቶሪ የሚለው በእኔ ደብዳቤዎች ቅጂ ላይ ብቻ ነው ያለው። አንቺ አልዋሸሽም። እኔ በጽሑፍ፣ በፊርማዬ፣ «የለም» ብዬ ዋሽቻለሁ። ከሁለታችን ማን ይቀየም? ጉዳዩን ዘግቼዋለሁ።

አሁን ስለ ቤቱ። ጽዳቱ ጥር መጨረሻ ላይ ተሠራ። የምስጡ ባለሙያ ደግሞ የካቲት 14 መጣ፤ ጉልበቱ ላይ ላስቲክ ያሰረ፣ ወሬ የማያበዛ ሰው ነው። ከመሣሪያው በፊት ያወጣው መፍቻ ነበር። ሁለት ሰዓት ሙሉ ሲያንኳኳ እኔ ወረቀትሽን ይዤ ከኋላው እከተላለሁ። ጥያቄዬን እጠይቃለሁ፣ የመለሰውን እጽፋለሁ። አምስተኛው ላይ ሲደርስ ቀና አለ።

«አባት፣ ይህን ወረቀት ማን ጻፈልዎ?»

«የእህቴ ልጅ።»

«ምንድን ናት?»

«እንዳንተው ናት። ተባይ አጥፊ ናት» አልኩት።

«ታዲያ እኔን ምን አስጠራኝ?»

«እሷ ሩቅ ናት» አልኩት። ራሱን ነቅንቆ ወደ ሥራው ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ግን ሳልጠይቀው ያስረዳኝ ጀመር።

በግድግዳው ዙሪያ ሰባ ሁለት ቦታ በስቶ መድኃኒቱን አስገባ። ዕቃው ታሽጎ መጥቶ ፊቴ ተከፈተ፤ ጽሑፉን ቃል በቃል ገልብጬ ይዣለሁ። አግዳሚው በአዲስ ተተክቷል፤ የአራቱን መቃን ሥራ አናጢው ጀምሯል። ባለሙያው ባለፈው ሳምንት ተመልሶ አየ። ያሉት መስመሮች ደርቀዋል፤ አዲስ የለም። ከሁለት ወር በኋላ ደግሞ ይመጣል። ዋስትና ሰፈሩን ለቋል። በእሱ ላይ አቤቱታ አስገብቻለሁ፤ ሐኪሙም ቃሉን ሰጥቷል።

ለዘመዱ ነግሬአለሁ። ተሰብስበው ሳለ አንዴ ተናግሬ ጨረስኩ። ከዚያ ዳቦ ቤት ያለው የአክስትሽ ወንድም ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «በረሮስ ታውቃለች?» አለ። ምረቃሽን የሚጠይቀኝ ሰው ጠፍቷል። በምትኩ ሦስት ሰው ጥያቄውን በጽሑፍ ሰጥቶኛል፤ ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ። የአይጡን ቀድመሽ መልሺ፣ ሕፃን ያለበት ቤት ነው። የፈቃዱንም ፎቶግራፍ ላኪ፤ የት እንደምሰቅለው እኔ አውቃለሁ።

አክስትሽ ትናንት ወደ ቤት ገባች። በየክፍሉ ቆማ አየች፤ ወለሉን ግን ልወልውል አላለችም። መስኮቱ ሥር ወንበር አስቀመጥኩላትና ይህን ደብዳቤ ስጽፍ አጠገቤ ናት። እስካሁን ያለውን ካነበብኩላት በኋላ፣ «እኔን አንድ ቀን እንዲህ ካደረገኝ፣ እሷ አራት ዓመት ሙሉ…» ብላ ሳትጨርሰው ቀረች። ቀጥላ የሚከተለውን ጻፍ ብላኛለች፣ ጽፌአለሁ። አፍና አፍንጫሽ ላይ የምታደርጊውን መሸፈኛ ማጣሪያውን በየስንት ቀኑ ትቀይሪያለሽ? ደረትሽን ሐኪም ያየው መቼ ነው? የሥራ ልብስሽን የሚያጥበው ማነው? «ደህና ነኝ» የሚል መልስ አንቀበልም። ቀኑንና ቁጥሩን ጻፊ።

አጎትሽና አክስትሽ